የተቆረጠው ስም፦ ኮምፒዩተር ፊደል ሲሥል ቦታ ለምን ያጥረዋል?

በዚህ እትም ስለ ኮምፒዩተር የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው የትምህርት ዘመን ማጠቃለያ ሰርተፊኬት ባደልንበት ቀን አንዲት እናት ወረቀቱን እንደያዙ ወደ እኔ መጡና፣ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የልጄን ስም ማን ነው የቆረጠው?» አሉኝ። ተቀብዬ አየሁት። የልጁ ስም ደህና ወጥቷል፤ የአባቱ ስም ግን እመካከሉ ላይ ሲደርስ ተቋርጧል። በተቆረጠው ቦታ ደግሞ አንድ የላቲን ፊደል፣ በፈረንሳይኛ ክፍል «ዱብል ቬ» የምትሉት ፊደል፣ ቆሞበታል። «አንድ ፊደል ነው፣ በእስክሪብቶ እናስተካክለዋለን» ብላቸው፣ «ለእናንተ አንድ ፊደል ነው፤ ስሙ ያልገጠመ ወረቀት ይዤ ስንት ደጅ እንደጠናሁ ግን እኔ ነኝ የማውቀው» ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው። የስደተኛ ስም በአንዱ ወረቀት አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ሆኖ ሲገኝ የሚመጣውን ጣጣ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል የማያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ፕሮግራሙን የጻፍነው እኔና ሁለት የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። ስለዚህ ጥፋቱም የኛው ነው፤ እንዴት እንደተፈጠረና እንዴት እንደተገኘ መናገሩም የኛው ዕዳ ነው።

ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። የ62 ተማሪዎች ስምና ውጤት በአንድ ፋይል ተጽፏል። ፕሮግራሙ ስሙን ያነብና እያንዳንዱን ፊደል በትልቁ እንደ ሥዕል ይሥለዋል፤ ሥዕሉን በሰርተፊኬቱ ላይ ያስቀምጥና ወደ ማተሚያው ይልካል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ሜሞሪ በሚባለው በኮምፒዩተሩ የማስታወሻ ሥፍራ ውስጥ ነው።

ሜሞሪን ጅቡቲ ላደገ ልጅ ለማስረዳት ከወደቡ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ዕቃ የሚደረደርበት ሰፊ ሜዳ አለ እንበል፤ ሜዳው ከአንድ ጀምሮ በተራ ቁጥር ተከፋፍሏል፤ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ሣጥን ብቻ ይይዛል። ይህች አንዷ ቦታ በኮምፒዩተር ቋንቋ «ባይት» ትባላለች። በበሩ ላይ ቦታ የሚያድል ሠራተኛ ተቀምጧል። «40 ቦታ ስጠኝ» ስትሉት በተከታታይ 40 ባዶ ቦታ ይፈልግና የመጀመሪያውን ቦታ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሰጣችኋል። ልብ በሉ፤ በብጣሹ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ነው። 40 የሚለው አልተጻፈም። 41ኛውን ሣጥን ይዛችሁ ብትገቡ «ያንተ ድርሻ አልቋል» ብሎ የሚመልሳችሁ ዘበኛ የለም፤ የሌላ ሰው ዕቃ ላይ ጭናችሁ ትወጣላችሁ። እኛ የተጠቀምንበት ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ የሠራው «ሲ» የተባለው ቋንቋ ጠባዩ እንዲህ ነው። ቦታ አዳዩ «ማሎክ» ይባላል፤ ቦታ የሚመለስበት ትእዛዝ «ፍሪ» ይባላል፤ መቆጣጠሩ የፕሮግራም ጸሐፊው ፈንታ ነው።

ለስም 40 ባይት መደብን፤ «ከ40 ፊደል በላይ ስም ያለው ማን ነው?» ብለን። ከስሙ ቀጥሎ ለውጤቱ 4 ባይት ሰጠን። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተማሪ ከማሎክ የምንጠይቀው 44 ባይት ሆነ።

ስህተቱ ያለው «ፊደል» በሚለው ቃል ላይ ነው። አንድ የላቲን ፊደል በሜሞሪ ውስጥ አንድ ባይት ይበቃዋል። የኛ ፊደል ግን አይበቃውም። አንድ ባይት ሊይዝ የሚችለው 256 ዓይነት ምልክት ብቻ ነው፤ የኛ ፊደል ከሀ እስከ ፐ 33 ቤት በሰባት ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹና አኃዞቹ ከነነጥቦቹ ሲጨመሩ ከ256 ያልፋል። የቀድሞዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደሉን ለሁለት ከፍለው በሁለት ፎንት ያስቀምጡ የነበረው ለዚህ ነው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። ፍስሐ አትላውንና ዳንኤል ያዕቆብን የመሳሰሉ ባለሙያዎች ከደከሙበት በኋላ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ገባ፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አገኘ። ቁጥሩን በባይት የማስቀመጫውን ዘዴ ደግሞ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 አውጥተውት ነበር፤ ዩቲኤፍ 8 ይባላል። በዚህ ዘዴ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ለምሳሌ ሀ በሜሞሪ ውስጥ 225፣ 136፣ 128 ተብሎ ይቀመጣል።

የልጁን እውነተኛ ስም ማውጣት ስለማይገባ ገብረክርስቶስ ወልደሚካኤል እንበለው። ቁጠሩ፤ 8 ፊደልና 7 ፊደል፣ በመካከል አንድ ክፍት ቦታ። በዓይን ሲቆጠር 16 ነው፤ ከ40 በጣም ያንሳል። በባይት ሲቆጠር ግን 24፣ ክፍት ቦታው 1፣ ከዚያ 21፣ ድምሩ 46። በሲ ቋንቋ ጽሑፍ ማለቁ የሚታወቀው በመጨረሻ በሚቀመጥ ባዶ ባይት፣ በ0፣ ስለሆነ 47 ይሆናል። ለ47 ሣጥን 40 ቦታ ማለት ነው። 40ው ቦታ የበቃው እስከ «ገብረክርስቶስ ወልደሚካ» ድረስ ነው፤ «ኤል» እና ማብቂያው 0 ከቤት ውጭ አደሩ።

አሁን ይህን በሁለት መስመር ስጽፈው ቀላል ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን ሁለት ቀን ፈጅቶብናል። መጀመሪያ ማተሚያውን ጠረጠርን፤ ቀጥሎ ፎንቱን። መብራቱ ሄዶ ሲመጣ ነው የተበላሸው ያለም ነበር። (እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጅቡቲ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ትገዛለች፤ ከአገር ቤት የመጣ መብራት እንዲህ ያደርገናል ወይ ብለን ተሳስቀናል።) ነገሩን የፈታችው ከሁለቱ ተማሪዎች አንዷ ናት። የተበላሹትን ሰርተፊኬቶች ሰብስባ በየስሙ ጫፍ የቆመውን ባዕድ ምልክት በደብተሯ ላይ ጻፈች። አንዱ ዱብል ቬ፣ አንዱ ዜድ፣ አንዱ ካ፤ አንደኛው ደግሞ ፊደል ሳይሆን 7 ቁጥር ነው። ከዚያም ከየስሙ አጠገብ ውጤቱን አስቀመጠች፤ 87፣ 90፣ 75፣ 55። «ጋሼ፣ ይሄ ፊደል አይደለም፤ ውጤታቸው ነው» አለችኝ። በኮምፒዩተሩ የምልክት ሠንጠረዥ 87 ዱብል ቬ ነው፤ 90 ዜድ ነው፤ 75 ካ ነው፤ የ7 ምልክት ደግሞ ቁጥሩ 55 ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ስሙን ሲያነብ ትርፉ ከስሙ ቤት አልፎ በውጤቱ ቤት ላይ ፈሰሰ። ቀጥሎ ውጤቱን ሲያነብ 87ን በቤቱ አስቀመጠ፤ በፈሰሰው ላይ ጻፈበት። 87 በአራት ባይት ሲቀመጥ 87፣ 0፣ 0፣ 0 ነው። ስሙን የሚሥለው ክፍል ማብቂያውን 0 ፍለጋ ሲሄድ 40ውን ጨርሶ የውጤቱ ቤት ገባ፤ 87ን አገኘ፤ ፊደል መስሎት ሣለው፤ ቀጥሎ 0 ሲያገኝ ቆመ። 13 ፊደል ብቻ ያላቸው ልጆች ስማቸው ሳይቆረጥ ጫፉ ላይ ምልክት የተጨመረባቸውም በዚሁ ሒሳብ ነው፤ ስማቸው ከነክፍት ቦታው ልክ 40 ባይት ሆኖ የፈሰሰው ማብቂያው 0 ብቻ ነበር። ስማቸው አጭር የሆነ ልጆች ምንም አልነካቸውም። ፕሮግራሙን የሞከርነው ደግሞ በራሳችን ስም ነበር፤ የሦስታችንም ስም አጭር ነው።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ልጨምር። ስሙን የምናነብበት ትእዛዝ «ጌትስ» የሚባለው፣ ልኩን ሳይጠይቅ የመጣለትን ሁሉ የሚያስገባ ትእዛዝ ነበር። ከአሮጌ መጽሐፍ ነው የወሰድነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከሲ ቋንቋ ደንብ ተሰርዟል። ኮምፓይለሩም ፕሮግራሙን ባዘጋጀን ቁጥር «ይህ ትእዛዝ አደገኛ ነው፣ አትጠቀሙበት» የሚል መስመር ያወጣልን ነበር። ፕሮግራሙ ስለሚሠራ አላነበብነውም።

እንዲህ ያለውን ስህተት የሚያድኑ መሣሪያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ቫልግራይንድ አንዱ ነው፤ በነጻ ይገኛል። ፕሮግራሙን በራሱ ሥር ያስኬድና ለእያንዳንዷ ባይት «ይህ ቦታ ተሰጥቶሃል ወይ?» እያለ ይጠይቃል፤ በጣም ያዘገየዋል፣ ግን አይዋሽም። እኛም ሞከርነው። ከ44ቱ ባይት ያለፉትን ሦስት ባይቶች ወዲያው ያዘ፤ «ከ44 ባይት ቤት ቀጥሎ ያለ ቦታ ላይ ተጽፏል» አለና የመስመሩን ቁጥር ሰጠን። በውጤቱ ቤት ላይ የፈሰሱትን አራት ባይቶች ግን አላነሣቸውም። ለምን? 44ቱ ባይት በአንድ ላይ የተሰጠ አንድ ግቢ ነው። መሣሪያው የግቢውን አጥር ይጠብቃል እንጂ በግቢው ውስጥ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል የሚሻገረውን አይጠይቅም። አድሬስ ሳኒታይዘር የተባለው ፈጣኑ መሣሪያም በዚህ በኩል ያው ነው። ስለዚህ መሣሪያው ዝም አለ ማለት ስህተት የለም ማለት አይደለም፤ ያቺ ልጅ በደብተሯ ያገኘችው መሣሪያው ያላየውን ነው።

ያን ካስተካከልን በኋላ ሁለተኛው ጣጣ መጣ። ይህኛው የሥዕል ነው። ስሙን በባይት መቁጠር ተምረናልና የሥዕሉንም ስፋት በባይት ቆጠርን፤ ስሙ በሦስት እጥፍ ለሚጠጋ ስፋት ቦታ ተያዘለትና ከወረቀቱ ወጣ። ለማስቀመጥ ባይት ይቆጠራል፤ ለመሣል ፊደል ይቆጠራል። ፊደል ለመቁጠር ከ128 እስከ 191 ያሉትን ባይቶች መዝለል ነው፤ እነዚህ ተከታይ እንጂ ፊደል ጀማሪ አይደሉም።

እንደገና አተምን። አሁን ደግሞ የከፊሎቹ ስም ደህና ሆነ፣ የከፊሎቹ ስም በነፋስ እንደ ተመታ ማሽላ ዘመመ። እንዲያውም ዘመመ ማለት አያንሰውም፤ ጭረት ብቻ ሆነ። እንደ በፊቱ የተበላሹትን ሰበሰብን። ረጅምም አጭርም አለበት። ፊደሎቹን ስንቆጥር ግን የተበላሹት ሁሉ ከነክፍት ቦታቸው ጎዶሎ ቁጥር ናቸው፤ ሙሉ ቁጥር የሆኑት ሁሉ ደህና ናቸው።

እያንዳንዱ ፊደል 48 ነጥብ በ48 ነጥብ በሆነ ሣጥን ውስጥ ይሣላል። ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሆነ በአንድ ባይት 8 ነጥብ ይገባል፤ እናም የአንድ ፊደል አንድ መስመር 6 ባይት ነው። ትዕግሥት ከበደ የሚል ስም ብንወስድ 9 ቦታ ነው፤ አንዱ መስመር 54 ባይት፣ 48ቱ መስመር 2,592 ባይት ይሆናል። ከማሎክ የጠየቅነውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ሥዕሉን ያስቀመጥንበት ቢኤምፒ የተባለው የሥዕል ፋይል ዓይነት አንድ ደንብ አለው፤ እያንዳንዱ መስመር በ4 የሚካፈል ባይት መሆን አለበት፣ ካልሆነ በባዶ ይሞላል። 54 በ4 አይካፈልም፤ 56 መሆን አለበት። እኛ በ54 ደርድረን አስቀመጥን፤ ፋይል ጻፊው ክፍል በ56 እየቆጠረ አነሣ። በእያንዳንዱ መስመር 2 ባይት፣ ማለትም 16 ነጥብ፣ ወደ ጎን ሸሸ። በሦስተኛው መስመር 32 ነጥብ፣ በአራተኛው 48፤ አንድ ሙሉ ፊደል አለፈ ማለት ነው። በመጨረሻም 2,688 ባይት ሲያነብ ከተሰጠን 96 ባይት አልፎ የማናውቀውን ነገር አንሥቶ በሥዕሉ ጫፍ ላይ ዘራው። ሙሉ ቁጥር ለሆነ ስም፣ ለምሳሌ ለ8፣ መስመሩ 48 ባይት ነው፤ በ4 ይካፈላል፤ ስህተቱ ይደበቃል። ተማሪዎች ሆይ፣ ሥዕል አግድም ተሰልፎ ሲሸሽ ካያችሁ ቀለሙንና ፎንቱን ተዉት፤ የመስመሩን ርዝመት ሁለት ሰው በሁለት መንገድ ቆጥሮታል።

ሦስተኛውን ባጭሩ ልለፈው። ለእያንዳንዱ ተማሪ የሙሉ ሰርተፊኬቱን ገጽ እንሥል ነበር፤ 2,480 ነጥብ በ3,508 ነጥብ፣ ለቀለም በነጥብ 3 ባይት፤ 26,099,520 ባይት ነው። አንዱን ጨርሰን ወደሚቀጥለው ስናልፍ የፊተኛውን በፍሪ አልመለስነውም። የትምህርት ቤቱ ማሽን ያለው ሜሞሪ 1 ጊጋባይት ስለሆነ 40 ተማሪ ሳይሞላ ሜዳው ይሞላል። ማሽኑ ከሠላሳኛው በኋላ መንቀራፈፍ ሲጀምር ሙቀቱ ነው ብለን ቬንትሌተር አዙረንበታል። መፍትሔው አንድ ገጽ ብቻ አስቀድሞ መጠየቅና እያጸዱ በዚያው ላይ መሣል ነበር። የዚህ ተቃራኒ የሆነም ስህተት አለ፤ ቦታውን መልሶ ካስረከቡ በኋላ በአሮጌው ብጣሽ መግባት። የተሰረዘ የራሽን ካርድ ይዞ እንደ መሰለፍ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ማንም አይመልስህም፤ ለሌላ ቤተሰብ የተሰጠውን ታነሣለህ።

እንዲህ ያለ ነገር የሚደርሰው በጀማሪ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 በደቡብ ህንድ የሚጻፈው የቴሉጉ ፊደል አንድ ጥምር ወደ አይፎን ስልክ ሲላክ ሊሥለው የሞከረውን ፕሮግራም ሁሉ ይጥል ነበር፤ አፕል ያመነው ጽሑፉን በሚያዘጋጀው ክፍል ውስጥ ሜሞሪ እንደሚበላሽ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ደግሞ ዌብፒ የተባለውን የሥዕል ዓይነት የሚከፍተው ፕሮግራም ከተሰጠው ቦታ አልፎ እንደሚጽፍ ተገኝቶ፣ የዓለም የኢንተርኔት መክፈቻዎች ሁሉ በጥድፊያ ታደሱ። አንድ ክፉ ሰው ሆነ ብሎ ያዘጋጀው ሥዕል በዚያ ቀዳዳ ወደ ስልካችሁ ሊገባ ይችል ነበር። ስልካችሁ «አድሰኝ» ሲል ብዙ ጊዜ ነገሩ ይህ ነው።

በድሮዎቹ ማሽኖች ዘመንም ሌላ ዓይነት ነበረ። በዶስ ጊዜ የነበረው የሲ ቋንቋ ቁጥሩ በ16 ቢት ስለነበር ከ65,535 በላይ መቁጠር አይችልም፤ እንደ መኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል። የጌም ሠሪዎቹ 320 በ200 የሆነውን ስክሪን የወደዱት 64,000 ባይት ሆኖ በዚያ ልክ ውስጥ ስለሚገባላቸው ነው። 640 በ480 ለሆነ ስክሪን 307,200 ባይት የጠየቀ ሰው ግን ቆጣሪው አራት ጊዜ ዞሮበት 45,056 ይደርሰዋል። «እምቢ» ቢባል በተሻለው ነበር፤ ቦታ አገኘሁ ብሎ ሲሥል 70 መስመር ደህና ይሄድለትና ከዚያ በኋላ የራሱን ፕሮግራም ይደመስሳል። ዛሬም ስፋትን በቁመት አባዝቶ ማሎክን የሚጠይቅ ሁሉ ውጤቱ በቁጥሩ ቤት መግባቱን አስቀድሞ ማየት አለበት።

የተስተካከለው ፕሮግራም አሁን ስሙን መጀመሪያ በባይት ይቆጥራል፤ ለማብቂያው አንድ ይጨምራል፤ ያን ያህል ቦታ ይጠይቃል፤ ማሎክ «የለም» ካለ ቆሞ ይናገራል። ካገኘናቸው ስሞች ሁሉ በረጅሙ፣ በአጭሩ፣ በጎዶሎውና በሙሉው ሞክረነዋል።

ወላጆች ሆይ፣ ባለፈው የተሰጣችሁን ሰርተፊኬት እባካችሁ ቤት ገብታችሁ ተመልከቱት። የአባት ስም ተቆርጦ ከሆነ፣ ወይም በስሙ ጫፍ የላቲን ፊደል ወይም ቁጥር ቆሞ ከሆነ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ኑ፤ አዲስ አትመን ማኅተም አድርገንበት እንሰጣለን። ስሙ በሌላው ወረቀታችሁ እንዴት እንደተጻፈ ማየት እንድንችል ያንንም ይዛችሁ ብትመጡ መልካም ነው። መጀመሪያ የመጡት እናት የልጃቸውን ወስደዋል፤ ፊደሉን አንድ በአንድ በጣታቸው ቆጥረው ነው የተረከቡን።